ሁሉም እውነቱን የተናገረበት ሸንጎ

በጊንጪም ሆነ በአምቦ ገበያ መንገድ፣ ባለቤቷ ከወዳጁ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ጭነት የተሸከመች አህያ ከመንገዱ ዳር ሣር ነጨት ታደርጋለች። ማንም ልብ አይላትም። በአንድ የአገራችን ተረት ግን ይህችው ሣር ሞት አስፈርዳለች።

ድርቅ ገብቶ አገር ሲራብ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ አለ፤ እንናዘዝ» ይባባላሉ። አንበሳ ወይፈን ሰብሮ መብላቱን ይናገራል፤ «ይህማ ምን ኃጢአት አለው!» ይሉታል። ነብር በፍየል፣ ጅብ በዶሮ ተናዝዘው በነጻ ይለቀቃሉ። አህያ ተራው ሲደርስ፣ ጌታው ከመንገደኛ ጋር ሲያወጋ ጥቂት ሣር መንጨቱን ሳይደብቅ ይናገራል። ሦስቱም «ለካስ መከራውን ያመጣህብን አንተ ነህ!» ብለው ይቀራመቱታል።

ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው ይህን ተረት በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ አስገብተውታል። ፈረንሳዊው ላ ፎንቴንም በ1678 እ.ኤ.አ. ተመሳሳዩን በግጥም ጽፎ ነበር፤ በእሱ ዘንድ አገሩን የመታው ድርቅ ሳይሆን ወረርሽኝ ነው።

ተረቱን ልብ ብሎ ላዳመጠው፣ አንበሳም ነብርም ጅብም አልዋሹም። አራቱም የሠሩትን ተናግረዋል። ውሸቱ ያለው በፍርዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተረቱን «እውነት ተናገር» በሚል ምክር ብቻ መደምደም ትልቁን ቁም ነገር ማስቀረት ነው።

የምዕራብ ሸዋ ሰዎች ይህን ቁም ነገር ከኑሯቸው ያውቁታል። በጌዶ አቅጣጫ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ መቀመጫ ነበር። ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ደግሞ በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የሃይማኖት አባት የሆነው ቃሉ የተጣሉትን ሰምቶ እንደሚዳኝ ገልጿል። ባለጉዳዮች ወደ እሱ የሚሄዱት፣ በቃሉ ላይ የሚያድረው መንፈስ፣ አያና፣ የተደበቀውን ያያል ብለው ስለሚያምኑ ነው። እንዲህ ባለው ችሎት ፊት የቆመ ሰው እውነቱን ሲያወጣ፣ የሚሰማው ዳኛ እንደ ጅቡ የተራበ እንዳልሆነ ተማምኖ ነው።

ወደ ተረት እንመለስ፤ አስቴር ጋኖና ኦነሲሞስ ነሲብ በ1894 እ.ኤ.አ. በምፅዋ አጠገብ ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ፣ በቃል ይነገሩ የነበሩ ተረቶች ለተማሪ ተጽፈው ቀረቡ። ትልቅ ውለታ ነው። መጽሐፍ ግን ጥያቄ አይሰማም፤ እሳት ዳር የተቀመጠ ልጅ ደግሞ የአህያውን ተረት ሲሰማ ተራኪውን አቋርጦ «እነሱስ ለምን አልተፈረደባቸውም?» ይላል። በአምቦ ትምህርት ቤቶችም ይህን ተረት የሚያነብ መምህር ከአህያው ሣር ይልቅ በዚህ ጥያቄ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቢሰጥ መልካም ነው።