ነጻው ብስክሌት ለምን አልሠራም?

ከመንገድ ዳር ብስክሌት አንስታችሁ፣ የፈለጋችሁበት ድረስ ነድታችሁ፣ እዚያው አቁማችሁት ብትሄዱስ? ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ያነሳዋል።

ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1965 አምስተርዳም ውስጥ ተሞክሯል። «ፕሮቮ» የሚባለው የወጣቶች ቡድን አባል የነበረው ሉድ ስኺመልፔኒንክ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ 20,000 ነጭ ብስክሌት ገዝቶ ለሕዝብ በነጻ እንዲያቀርብ ሐሳብ አመጣ። ማዘጋጃ ቤቱ እምቢ አለ። ወጣቶቹ ጥቂት ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው ሳይቆልፉ ጎዳና ላይ አቆሙ። ያልተቆለፈ ብስክሌት ማቆም በሕግ ክልክል ስለነበር ፖሊስ ሰብስቦ ወሰዳቸው።

በ1995 ኮፐንሀገን ሌላ መላ ዘየደች። 20 ክሮነር ስታስገቡ ብስክሌቱ ይከፈታል፣ ስትመልሱት ገንዘባችሁ ይመለሳል። ግን ሳንቲም ስም የለውም! ብስክሌቱ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? በ1996 የእንግሊዙ ፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ መግነጢሳዊ ካርድ አዘጋጀ። ያኔ ማን እንደወሰደው መታወቅ ጀመረ።

ይህን አሠራር በስፋት ያሳየችው ፓሪስ ናት። በሐምሌ 2007 የተጀመረው «ቬሊብ» የዓመት ክፍያው 29 ዩሮ ብቻ ነበር፤ የእያንዳንዱ ጉዞ የመጀመሪያ 30 ደቂቃም ነጻ ነበር። ለምን 30 ደቂቃ? አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የያዘው ብስክሌት የሚያገለግለው አንድ ሰው ነው። ቶሎ ከተመለሰ ግን ብዙዎችን ያዳርሳል። ስለዚህ ዋጋው ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ ሳይሆን ብስክሌቱ እንዳይቆም የሚያደርግ መሣሪያም ነው። ወጪውን የሸፈነው ዤሴዴኮ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ በምላሹ የከተማዋን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አገኘ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ዳገት ነው። እንደ ሞንማርትር ካሉ ከፍታዎች ቁልቁል መውረድ ሁሉም ይወዳል፤ ሽቅብ የሚመልሰው ግን የለም። ላይኛው ጣቢያ ባዶ ይቀራል፣ ታችኛው ይጨናነቃል። በመኪና እየጫኑ መመለስ ደግሞ ነዳጅና ሠራተኛ ይፈልጋል። ከተማዋ ዳገት ላይ ላሉት ጣቢያዎች ለሚመልስ ሰው 15 ነጻ ደቂቃ ጨመረችለት። በዚህ መንገድ ከጭነቱ ከፊሉን ተጠቃሚው ራሱ ተሸከመው።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ተጠቃሚው ብስክሌቱን ባይመልስ የሚቆረጥ 150 ዩሮ በባንክ ካርዱ ወይም በባንክ ሒሳቡ ማስያዝ ነበረበት። የባንክ ካርድም ሒሳብም የሌለው ሰው 29 ዩሮ ቢኖረውም ደጅ ይቀር ነበር። ሌባን ለመከላከል የተሠራው በር ድሃውንም አስቀረ ማለት ነው። የአምስተርዳም ወጣቶች በር አልነበራቸውም፤ ፓሪስ በሩን ሠራች። ከተሞች ዛሬም የሚፈልጉት፣ ተጠቃሚውን እያወቀ ኪሱን ሳይመዝን የሚያስገባ በር ነው።