የጠፉት የት ደረሱ? ፀረ-ኤችአይቪ ሕክምናና የሕሙማን በሕይወት መቆየት

ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ዕድሜ እንደሚያስረዝም ዛሬ የሚጠራጠር ሐኪም የለም። በአሜሪካ የበሽታ መከላከል አቅማቸው እጅግ በተዳከመ ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በ1995 በ100 የሰው-ዓመት 29.4 የነበረው ሞት በ1997 አጋማሽ ወደ 8.8 መውረዱን አሳይቷል። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2003፣ በነጻ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ስንት ሕይወት እንዳተረፈ ለማወቅ ግን አስቀድሞ በየትኛው መዝገብ እንደምንቆጥር መወሰን አለብን።

የጤና ተቋም መዝገብ የሚያውቀው ደጁን የረገጠውን ነው። ቀጠሮውን አሳልፎ የቀረ ሕመምተኛ ከወራት በኋላ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። በሕይወት የመቆየትን ዕድል ለመገመት የተለመደው የካፕላን-ማየር ስሌትም የጠፋው ሰው የመሞት ዕድል መድኃኒቱን ከቀጠለው ጋር እኩል ነው ብሎ ይነሣል። ይህ ግምት አያስኬድም። በአብዛኛው በአፍሪካ የተደረጉና የጠፉትን ያፈላለጉ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ወሬያቸው ከተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ሞተው ነበር። ብዙ ሰው የጠፋበት ተቋም እንግዲህ ሟቾቹን ባለመቁጠሩ ብቻ ውጤቱ ያማረ ይመስላል።

አዲስ አበባ ይህን የሚያርም ሌላ መዝገብ ነበራት። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ቦታዎች የሚሠሩ ጸሐፊዎች የሟቹን ዕድሜ፣ ፆታና አድራሻ፣ እንዲሁም ቤተሰብ የነገራቸውን የሞት ምክንያት ይመዘግቡ ነበር። በዚያ ዘመን ኤድስ ብሎ የሚናገር ጥቂት ነው፤ «ሳንባ» ወይም «ቲቢ» ይባላል። ስለዚህ ጠያቂዎች ለናሙና የተመረጡ ሟቾች ቤት ሄደው ያስታመሙትን ያነጋግራሉ፦ ሰውነቱ መንምኖ ነበር? ተቅማጡ ምን ያህል ቆየ? አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ነበር? በዚህ መንገድ የተሰበሰበው መረጃ እስከ 2007 ሲተነተን፣ በከተማዋ በኤድስ የሚሞተው አዋቂ ሕክምናው ባይኖር ኖሮ ይጠበቅ ከነበረው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። በእኔ እምነት ከማንኛውም የክሊኒክ ሪፖርት ይህ ይበልጣል፤ መድኃኒቱን የጀመረውንም፣ ያቋረጠውንም፣ ጨርሶ ያልመጣውንም ይቆጥራልና።

መድኃኒቱን ጀምረው ከሚሞቱት ብዙዎቹ የሚያልፉት ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሲዲ ፎር የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሶቻቸው ቁጥር ከ200 በታች ወርዶ፣ ቲቢ ወይም ክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር ይዟቸው፣ ክብደታቸው አልቆ የመጡ ናቸው፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን ቢገታም የተጎዳው አካል እስኪያገግም ሕመሙ ጊዜ አይሰጥም። በ2015 ይፋ የሆነውና 35 አገሮችን ያካተተው ስታርት ጥናት አቅማቸው ሳይዳከም የጀመሩ ሰዎች ከባድ ሕመምና ሞት በ57 በመቶ እንደቀነሰላቸው ማሳየቱ፣ ሲዲ ፎር እስኪወርድ መጠበቅ እንዲቀር አድርጓል።

የመጥፋቱ ምክንያት ሁልጊዜ ቸልተኝነት አይደለም። መድኃኒቱን አቁሞ ጠበል የገባ አለ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ የተናገሩትም ለዚህ ነበር። ለሥራ አገር የቀየረ፣ ሌላ ጣቢያ በሌላ ስም የተመዘገበም ይኖራል። እነዚህን ከሞቱት ለመለየት ስልክ መደወልና ቤት ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ተቋም ከጠፉበት ሕሙማን ጥቂቱን በዕጣ መርጦ ቢያፈላልግና ግኝቱን በስሌቱ ቢያስገባ፣ የሚያወጣው በሕይወት የመቆየት አኃዝ ዝቅ ይላል፤ የትኛው ሕመምተኛ ቀድሞ መደገፍ እንዳለበትም ያሳያል።