በ12 ቮልት የፀሐይ ኃይል የሚሠራ የራዲዮና የሙዚቃ መሣሪያ አተካከል፦ ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒና ለአካባቢው ቡና አብቃይ ቀበሌዎች

ከኤሌክትሪክ መስመር በራቀ ቤት ሙዚቃና የራዲዮ ሥርጭት ለማዳመጥ የሚያስችል የ12 ቮልት ሥርዓት ስድስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም ሶላር ፓኔል፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ፣ ፊውዝና ሽቦ፣ ራዲዮ ወይም አምፕሊፋየር እንዲሁም ስፒከር ናቸው። ሥርዓቱ የባትሪውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሳይለውጥ ስለሚጠቀም ኢንቨርተር አያስፈልገውም። ኢንቨርተር መሣሪያው ሥራ በማይሠራበት ጊዜም ጭምር ከባትሪው ኃይል የሚወስድ በመሆኑ፣ ለአነስተኛ ቤት በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠራ መሣሪያ መምረጥ ወጪንም የኃይል ብክነትንም ይቀንሳል።

የአካባቢው ሁኔታ

ከአማን ጋር ተዋህዳ ዛሬ ሚዛን አማን የምትባለው የቤንች ሸኮ ዞን ከተማ ሚዛን ተፈሪ እና የሸካ ዞኗ ቴፒ በኅዳር 2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ይገኛሉ። ከተሞቹ የኤሌክትሪክ መስመር የደረሳቸው ቢሆንም በቡና እርሻና በጫካ ውስጥ ተበታትነው የሚገኙ በርካታ መኖሪያዎችና የቡና ጥበቃ ጎጆዎች ከመስመር ውጭ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራምም ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነውን በፀሐይ ኃይልና በመሰል ከመስመር ውጭ በሆኑ አማራጮች ለመድረስ አቅዶ የተነሣ ነው።

በዚህ አካባቢ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገንዘብ ወደ ገበሬው እጅ የሚገባው በቡና ለቀማው ወራትና ከዚያ በኋላ ስለሆነ መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ነው። ዝናቡ ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ በመሆኑ በታኅሣሥ ያለ ችግር ሲሠራ የቆየ ሥርዓት በሐምሌ ባትሪው ሳይሞላ ይሰነብታል። በየምሽቱ እስከ መጨረሻው የሚሟጠጥና መልሶ የማይሞላ የሊድ አሲድ ባትሪ በአንድ ክረምት ሊበላሽ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ የሚያጣው ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን መብራቱንና የስልኩን ቻርጅ ጭምር ነው። ስለዚህ መጠኑ መሰላት ያለበት በበጋው ፀሐይ ሳይሆን በክረምቱ ደመና ነው።

የፍጆታ ስሌት

ከግዢ በፊት በቀን የሚያስፈልገው ኃይል በዋት-ሰዓት ይሰላል። ስሌቱ የእያንዳንዱን መሣሪያ ዋት በሚሠራበት ሰዓት በማባዛት ይገኛል። ለምሳሌ፦

• የሙዚቃ መሣሪያ በመጠነኛ ድምፅ፦ 10 ዋት × 4 ሰዓት = 40 ዋት-ሰዓት
• ሁለት የኤልኢዲ አምፖሎች፦ 6 ዋት × 5 ሰዓት = 30 ዋት-ሰዓት
• ሁለት ስልኮችን ቻርጅ ማድረግ፦ 20 ዋት-ሰዓት
• የቀን ድምር፦ 90 ዋት-ሰዓት

በሽቦ፣ በመቆጣጠሪያና በባትሪ የሚባክነውን 30 በመቶ ገደማ ለማካካስ 90 ለ0.7 ሲካፈል 129 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ለክረምት ቀን ጥንቃቄ የታከለበት ግምት የ3 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ነው ቢባል፣ 129 ለ3 ሲካፈል 43 ዋት ይሰጣል። በመሆኑም የ50 ዋት ፓኔል ተገቢ ምርጫ ይሆናል።

ባትሪው ፀሐይ ባይወጣ እንኳ ለሁለት ቀን እንዲያገለግል 180 ዋት-ሰዓት ለአገልግሎት ዝግጁ ሊኖረው ይገባል። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከይዘቱ ከግማሽ በላይ መወሰድ ስለሌለበት የ360 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም የ12 ቮልት 30 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። ከይዘቱ 80 በመቶ የሚሆነውን ያለ ጉዳት የሚሰጠው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ግን 20 አምፒር-ሰዓት ይበቃል። ለሊቲየም ባትሪ የሚመረጠው መቆጣጠሪያ ለዚሁ ዓይነት የተዘጋጀ መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ስለሆነ በየምሽቱ በዝግታ ለሚወሰድ ኃይል አይመረጥም።

የድምፅ መሣሪያ አመራረጥ

በካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቁጥር ብዙ ጊዜ መሣሪያው በተግባር የሚሰጠውን አይገልጽም። በ12 ቮልት የሚሠራ የተለመደ የመኪና ራዲዮ በ4 ኦም ስፒከር ላይ በአንድ ቻናል ሊሰጥ የሚችለው ያልተዛባ ድምፅ ከ18 ዋት አያልፍም። ከዚያ በላይ የሚሰጠው ቮልቴጅን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ክፍል ያለው መሣሪያ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ባትሪውን በዚያው መጠን ይጎትታል።

የድምፁን ጉልህነት የሚወስነው የስፒከሩ ስሜታዊነትም ነው። ይህ መጠን በዴሲቤል ይገለጻል። የ90 ዴሲቤል ስፒከር የ87 ዴሲቤሉን ያህል ድምፅ ለመስጠት የሚፈልገው ግማሹን ኃይል ብቻ ነው። ስለዚህ ስሜታዊነቱ ከፍ ያለ ስፒከር መግዛት ተጨማሪ ባትሪ የመግዛት ያህል ይጠቅማል። አምፕሊፋየር ለብቻው የሚገዛ ከሆነም ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከቀደምቶቹ ያነሰ ኃይል በሙቀት መልክ ያባክናል።

ያለ ሣጥን የተንጠለጠለ ስፒከር ከፊትና ከኋላ የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ወፍራሙን ድምፅ ያጣል። ተጠቃሚውም ይህን ለማካካስ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ባትሪው ያለ ጥቅም ያልቃል። በአካባቢ አናጺ የሚሠራ፣ መገጣጠሚያው አየር የማያስወጣ የጣውላ ሣጥን ችግሩን ያቃልላል።

የፓኔል አቀማመጥ

የቡና ጥላ ዛፎች ለፓኔል አይስማሙም። የፓኔሉ አንድ ጥግ ብቻ በቅርንጫፍ ጥላ ቢሸፈን እንኳ ምርቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ጥላ ዛፎችን ከመቁረጥ ይልቅ ፓኔሉን ቡና በሚሰጣበት ገላጣ ግቢ፣ በምሰሶ ላይ ወይም በቆርቆሮ ክዳን ላይ መትከል ይመረጣል። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7ኛው ዲግሪ ገደማ ስለሚገኝ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘነበለ ይሁን። ይህ ዝንባሌ ዝናቡ አቧራና ቅጠል እንዲያጥብም ይረዳል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያስተላልፍ ክፍተት መተው አለበት።

ሽቦና ፊውዝ

በ12 ቮልት ሥርዓት በሽቦ ርዝመት የሚጠፋው ቮልቴጅ ከፍተኛ ነው። በባትሪውና በራዲዮው መካከል 10 ሜትር ርቀት ቢኖርና 5 አምፒር ቢያልፍ፣ የመዳብ ሽቦ የሚያስከትለው መቀነስ እንደሚከተለው ነው፦

• በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፦ 1.2 ቮልት ገደማ
• በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፦ 0.7 ቮልት
• በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፦ 0.45 ቮልት ገደማ

ስለሆነም ባትሪው ለራዲዮው ቅርብ ይሁን፤ ርቀት የግድ ከሆነ ሽቦው ይወፍር።

12 ቮልት ሰውን በንዝረት የሚጎዳ ባይሆንም ቤት ሊያቃጥል ይችላል። የባትሪው ሁለት ጫፎች በሽቦ ቢገናኙ የሚያልፈው ከፍተኛ ኃይል ሽቦውን ያግላል፤ በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ደግሞ ውጤቱ ከባድ ነው። በመሆኑም ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት የ10 አምፒር ፊውዝ መግባት አለበት። የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ አይተካም። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚገባበት ስፍራ፣ ከምድጃና ከመኝታ ርቆ ይቀመጥ።

የማገናኘት ቅደም ተከተል

1. በመጀመሪያ ባትሪው ከመቆጣጠሪያው ጋር ይገናኛል፤ ቀይ ሽቦ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁር ሽቦ ከኔጌቲቭ።
2. ቀጥሎ ፓኔሉ ይገናኛል።
3. በመጨረሻ ራዲዮውና አምፖሎቹ መቆጣጠሪያው ለተጠቃሚ መሣሪያዎች ባዘጋጀው መውጫ ላይ ይገናኛሉ።
4. ሲነቀል ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ይፈጸማል፤ ባትሪው መጨረሻ ላይ ይነቀላል።

በተለመደው የመኪና ራዲዮ ቢጫው ሽቦ ማስታወሻውን የሚጠብቅ ቋሚ ኃይል፣ ቀዩ ማብሪያ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ቢጫውና ቀዩ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ቢያልፉ ራዲዮው ሌሊቱን ሙሉ የሚወስደው ጥቂት ኃይል ይድናል፤ የተመረጡት ጣቢያዎች ግን እንደገና መመረጥ ይኖርባቸዋል።

መቆጣጠሪያውና ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚቀንሱ የስልክ ቻርጀሮች በራዲዮው ላይ የጩኸት ድምፅ ሊያስከትሉ ይችላሉ። አንቴናውንና የስፒከር ሽቦዎችን ከእነዚህ ማራቅ፣ ራዲዮ በሚደመጥበት ሰዓትም ቻርጀሩን መንቀል ጩኸቱን ይቀንሳል።

የክረምት አያያዝ

ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይሞላና ኃይል ሳይወሰድበት የቆየ የሊድ አሲድ ባትሪ በመለኪያ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ቮልት ግማሽ መድረሱን፣ 11.9 ቮልት ደግሞ ሊያልቅ መቃረቡን ያመለክታል። ከ12.2 በታች ሲወርድ ሙዚቃው ቆሞ ኃይሉ ለመብራትና ለስልክ ይቆይ። ለሊቲየም ባትሪ እነዚህ ቁጥሮች አያገለግሉም።

ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ በየወሩ ይታያል፤ የሚጨመረውም ለባትሪ የተዘጋጀ የተጣራ ውኃ እንጂ የምንጭ ወይም የወንዝ ውኃ አይደለም። እርጥበቱ የባትሪውን ጫፎች ስለሚያዝግ ጠርጎ ቫዝሊን መቀባት ይመከራል። ነጎድጓድ ሲቃረብ፣ መብረቅ ከመጀመሩ አስቀድሞ የፓኔሉና የውጭ አንቴናው ሽቦዎች ይነቀሉ። ያገለገለ ባትሪ መርዛማ ሊድና አሲድ ስላለው በቡና ማሳ ወይም በወንዝ ዳር አይጣልም፤ አይከፈትም፤ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ ለሚረከብ ነጋዴ ይሰጣል።

በግዢ ጊዜ የሚታዩ ነጥቦች

• በፓኔሉ ጀርባ ዋቱ፣ ቮልቴጁና አምፒሩ በግልጽ የተጻፈ መሆኑ፤
• ለ12 ቮልት ባትሪ የተሠራ ፓኔል በጠራ ፀሐይ፣ ምንም ሳይገናኝበት፣ ከ18 ቮልት በላይ ማሳየቱ፤
• መቆጣጠሪያው ባትሪው ሲያልቅ በራሱ የሚያቋርጥ መሆኑ፤
• ሽቦው የመዳብ መሆኑና ውፍረቱ የተጻፈበት መሆኑ፤
• የዋስትና ወረቀትና ደረሰኝ መሰጠቱ።

በጀቱ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ለባትሪው፣ ለፓኔሉና ለፊውዙ ይሰጥ። አነስተኛ ራዲዮና ስሜታዊነቱ ከፍ ያለ አንድ ስፒከር በበቂ ባትሪ ላይ ክረምቱን ያልፋሉ፤ ትልቅ አምፕሊፋየር በአነስተኛ ባትሪ ላይ ግን ቤቱን ያለ ሙዚቃም ያለ መብራትም ያስቀራል።