የሸማ ጥለትና የሸማኔው ክብር

በማክሰኝት ገበያ ሸማ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ጥለቱን ነው። ነጩ ፈትል ከጓዳችን የሚወጣ ሲሆን፣ የጥለቱ ቀለም ግን በጥንት ዘመን ከሩቅ አገር የሚመጣ ነበረ። ስለዚህ የጥለት ታሪክ የንግድም የማዕርግም ታሪክ ነው።

ጥጡ ከቆላ መጥቶ፣ እናቶች ባዝተውና ፈትለው ለሸማኔ ይሰጡታል። ባለ ቀለሙን ሐርና ክር ግን ነጋዴዎች በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ፣ ይልቁንም ከሕንድ አገር ያስመጡት ነበር። አንዳንድ ጊዜም የውጭ አገር ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ለጥለት ይውል ነበር። ውድ የሆነው ቀለም በሸማው ዳር ብቻ የተቀመጠው አንድም ስለዚህ ነው። ቀይ ጥለቱ ሰፊ የሆነው ጃኖም ንጉሥ ላከበረው ሰው የሚሰጥ የማዕርግ ልብስ ነበረ።

ሕንዶችም በሣሪያቸው ዳርና ጫፍ ጌጡን ያበዛሉ፤ ነገር ግን የቀለሙ ትርጓሜ ከእኛ ይለያል። በብዙው የሕንድ ክፍል ሙሽራ ቀይ ስትለብስ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ እንድትለብስ ልማድ ያዝዝ ነበር። በእኛ ዘንድ ነጭ የበዓል ልብስ ነው፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ያንኑ ነጠላ ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ ላይ መልሶ ይለብሳል።

የጎንደር ሸማኔዎች ጥበብ የደረሰበትን ከፍታ የሚመሰክር አንድ የሐር መጋረጃ በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፣ ቁመቱም ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች አንዱ ነው። የመኳንንቱ መልክ በሐሩ ተሸምኖበታል፤ የሸማኔው ስም ግን ለእኛ አልደረሰም።

ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በጎንደር ሽመናን የያዙት በአብዛኛው እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ። ሥራቸው በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ሲከበር፣ እነርሱ ግን በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። አዋጅ አፍን ቢከለክልም ልብን የሚያቀናው ትምህርት ነው።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የጥለቱን ውበት በሚያሳዩበት ጊዜ፣ መወርወሪያውን የያዘውን እጅ ጨምረው ያሳዩ። ሸማውን ለክብር የሚለብስ ሕዝብ ሸማኔውን ሊንቅ አይገባውምና።