ነባር የፎርትራን ኮድን ማዘመንና የሙሉ ቁጥር ዓይነቶች አለመጣጣም

መግቢያ

በአይቢኤም በጆን ባከስ መሪነት የተሠራው ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ለተጠቃሚዎች ቀረበ። በቋንቋው የተጻፉ ነባር ፕሮግራሞች ዛሬም በአየር ትንበያ፣ በፊዚክስና በምህንድስና ስሌት ያገለግላሉ። እነዚህን ፕሮግራሞች በአዲስ ኮምፓይለር ለመገንባት የሚነሣ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው መሰናክል የአርጉመንት ዓይነት አለመጣጣም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፎርትራን 10፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ጥሪውና ተጠሪው ሳይጣጣሙ ሲያገኝ ስህተት ብሎ ግንባታውን ያቆማል። ስህተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ የሚያደርግ አማራጭም አብሮ ቀርቧል። ይህ ጽሑፍ አማራጩ ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ብቻ እንደሆነና ዘላቂው መፍትሔ የእያንዳንዱን ሙሉ ቁጥር ስፋት በግልጽ መወሰን እንደሆነ ይሞግታል።

የችግሩ ምንጭ

በፎርትራን 77 ንዑስ ፕሮግራሞች ተነጣጥለው ይጠናቀራሉ። ጠሪው በአብዛኛው የሚያስተላልፈው የእሴቱን የማህደረ ትውስታ አድራሻ ነው፤ በዚያ አድራሻ ስንት ባይት እንደሚነበብ የሚወስነው ተጠሪው ነው። ጠሪው 5ን በ4 ባይት አስቀምጦ ቢልክና ተጠሪው 8 ባይት ቢጠብቅ፣ አጠገቡ ያሉት 4 ባይቶችም አብረው ይነበባሉ። ትንሹን ባይት በሚያስቀድሙ ማሽኖች ላይ እነዚህ ባይቶች ዜሮ ከሆኑ ውጤቱ ትክክል ይመስላል፤ 1 ከያዙ ግን 5 የነበረው 4,294,967,301 ይሆናል። ተጠሪው በዚያው አድራሻ 8 ባይት ከጻፈ ደግሞ የሌላ ተለዋዋጭ እሴት ሊጠፋ ይችላል። ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ኮድ በአዲስ ማሽን ላይ ድንገት የሚሳሳትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁሉንም ሙሉ ቁጥሮች በኮምፓይለር አማራጭ ወደ 8 ባይት ማሳደግም ብቻውን አይበቃም። እንደ ላፓክ ያለ ቤተ መጻሕፍት በ4 ባይት ተገንብቶ ከሆነ፣ አለመጣጣሙ ኮምፓይለሩ ወደማያየው ድንበር ይሸሻል። በአንጻሩ 4 ባይት ላይ መቅረትም ገደብ አለው፤ ከፍተኛው እሴት 2,147,483,647 በመሆኑ የ46,341 በ46,341 ማትሪክስ አባላት ቁጥር እንኳ ከዚህ ያልፋል።

የሚመከር አካሄድ

በመጀመሪያ ንዑስ ፕሮግራሞቹን ከፎርትራን 90 ጀምሮ ባለው ሞጁል ውስጥ ማስገባት ይገባል። ይህ ሲሆን ኮምፓይለሩ በፋይሎች መካከል ያሉ ጥሪዎችንም ያጣራል። ምንጫቸው ለማይነካ ቤተ መጻሕፍት ግልጽ ኢንተርፌስ መጻፍ ያስፈልጋል። ቀጥሎ የቁጥሮቹን ስፋት በፎርትራን 2008 መደበኛ ስያሜዎች፣ ማለትም በኢንት32 እና በኢንት64፣ ማወጅ ይሻላል።

ስፋት መለወጥ ግድ በሚሆንበት ድንበር ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ለንባብ ብቻ የሚተላለፍ እሴት በጥሪው ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። ተጠሪው የሚጽፍበት አርጉመንት ግን የልወጣ ውጤት ሊሆን አይችልም፤ ተስማሚ ስፋት ያለው ጊዜያዊ ተለዋዋጭ ተልኮ ከጥሪው በኋላ ውጤቱ መገልበጥ አለበት። ከ8 ወደ 4 ባይት ሲወረድም እሴቱ ከገደቡ አለማለፉ አስቀድሞ ይፈተሽ።

ማጠቃለያ

የኮምፓይለሩ ስህተት የቀድሞው ደራሲ በልቡ ይዞት የነበረውን፣ ኮዱ ግን ያልመዘገበውን ስምምነት ያጋልጣል። ማስጠንቀቂያውን ማፈን ስምምነቱን እንደተደበቀ ያስቀረዋል፤ በሞጁልና በግልጽ ስፋት መጻፉ ግን ኮዱን ለሚረከበው ባለሙያ ስሌቱ የሚታመንበትን ምክንያት ጭምር ያስረክባል።