የቤተሰብ ቪዲዮና ድምፅ በአንድ ቋት፦ የዲስክ አመራረጥና አያያዝ በደጋ አካባቢ

በብዙ ቤቶች የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ፣ የአባቶች ሽለላና ፉከራ በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድና በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ተበታትኖ ይገኛል። አንዱ ሲበላሽ በውስጡ የነበረው የሟች ወላጅ ድምፅ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ፋይሎቹን በአንድ ትልቅ ዲስክ ማሰባሰብ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ዲስኩ በኮምፒዩተር አማካይነት በቤት ዋይፋይ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ሲያቀርብ የቤት ሚዲያ ሰርቨር ይባላል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል።

ከፍታን ማገናዘብ

በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ክፍል በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ በስስ የአየር ንጣፍ ተንሳፎ ይሠራል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሰሌዳውን ሊነካና ሊቧጭረው ይችላል። ለብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች አምራቾች ያስቀመጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3 ሺህ 48 ሜትር ነው። መሐል ሜዳና የጓሳ አካባቢ ከዚህ በላይ ሲሆኑ፣ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ግን በታች ናት። ስለዚህ በመንዝና በግሼ ከፍተኛ ቦታዎች ለዕለት አገልግሎት የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ከተቀመጠ መረጃ ሊያጣ ስለሚችል በየጊዜው መከፈት አለበት።

የአሰባሰብ ቅደም ተከተል

1. በየዕቃው ያለውን መጠን መደመር፤ ድምሩ 900 ጊጋባይት ቢሆን 2 ቴራባይት ዲስክ መግዛት።

2. አዲሱን ባዶ ዲስክ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ቴሌቪዥኑ ኤክስፋት ማንበቡን አስቀድሞ መሞከር ይገባል። ፎርማት ሁሉንም ስለሚያጠፋ በአሮጌው ዲስክ ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

3. ፋይሎቹን «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ማድረግ፤ መብራት ቢቋረጥ ዋናው እንዳይጎዳ ባትሪው የተሞላ ላፕቶፕ መጠቀም።

4. የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን ማመሳከር፤ ቪዲዮዎቹን ከመጀመሪያ፣ ከመካከልና ከመጨረሻ ከፍቶ ማየት።

ሁለተኛው ቅጂ

ሁሉን በአንድ ዲስክ ማኖር ሁሉን በአንድ ቀን ለማጣትም ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ የተደረገው በዚሁ ጥንቃቄ ነው። ቤተሰብም ሁለተኛ ቅጂ በሃርድ ዲስክ አዘጋጅቶ ዝቅ ባለ አገር ለሚኖር ዘመድ በአደራ ቢሰጥ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።