ጉልላቱ የት ገባ?
ስለ ካሴት፣ ስለ ዲቪዲና ስለ ሰፊው ስክሪን

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ማኅበራችን ከወላጆች ቤት የሰበሰባቸውን የቪዲዮ ካሴቶች ወደ ዲቪዲ እንዲገለብጥልን ለአንድ ሱቅ ሰጠን። ከካሴቶቹ አንዱን የቀረጹት የአንዱ አባላችን አባት ናቸው። ኢየሩሳሌም በገቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካሜራ ተውሰው በኢትዮጵያ ጎዳና እየተራመዱ ያነሱት ነው። ዲቪዲው ሲመለስ አዳራሹ ውስጥ ባለው ትልቁ ቴሌቪዥን ከፈትነው። ስዕሉ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል፤ እኛም ደስ አለን። የልጁ እናት ግን ትንሽ ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ጉልላቱ የት ገባ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው፣ ጉልላቱ የለም። የኢትዮጵያ ጎዳና ሽቅብ የሚታይ ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ረጅም የድንጋይ አጥር ነው፤ ከአጥሩ በላይ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀው ክቡ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ከነጉልላቱ ይታያል። ባለካሜራው ወደዚያ ይሄዱ የነበረው ለጸሎት አይደለም፤ ቤተ እስራኤል ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው እማሆዮቹ በአማርኛ ሲጨዋወቱ ለመስማት ነበር። ዲቪዲው ላይ የቀረው አጥሩ ብቻ ነው። እማሆዮቹም ከቅንድባቸው በላይ ተቆርጠዋል።

ሱቁ ክፉ አላሰበም። ነገሩ ሒሳብ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ወርዱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3 ነው፤ የዛሬው ወርዱ 16፣ ቁመቱ 9። የድሮው ስዕል አዲሱን ስክሪን ይሙላ ካልን ሁለት ምርጫ ነው ያለን። አንዱ ወደ ጎን መለጠጥ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ በሲሶ ይወፍራል። ሌላው አጉልቶ ከላይና ከታች መቁረጥ ነው፤ ያኔ የስዕሉ ሩብ ይጣላል። ሳይለጠጥ ሳይቆረጥ እንዳለ ይቀመጥ ከተባለ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩን ደግሞ ብዙ ደንበኛ «ለምን አልሞላም?» እያለ ይጣላበታል።

ይህ የስክሪን ቅርጽ ክርክር ከኛ በፊትም ብዙ ዕድሜ አለው። 4 ለ 3 የሚባለው ከኤዲሰን ቤተ ሙከራ የወጣ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ዊልያም ዲክሰን ባለ 35 ሚሊ ሜትሩ ፊልም ላይ ለአንድ ስዕል የአራት ቀዳዳ ቁመት ሰጠው፤ ቴሌቪዥንም ሲመጣ ያንኑ ወረሰ። በ1950ዎቹ አሜሪካኖች ቤታቸው ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ማየት ሲጀምሩ ሆሊውድ ደነገጠ። በ1952 ሲኔራማን፣ በ1953 ሲኒማስኮፕን አመጣ፤ እቤታችሁ የማታገኙትን ስፋት ኑና እዩ ለማለት ነው። 16 ለ 9 ደግሞ በ1980ዎቹ የተገኘ ማስታረቂያ ነው። ከርንስ ፓወርስ የተባለ መሐንዲስ በጠባቡ ቴሌቪዥንና በሰፊው ሲኒማ መካከል ሁለቱንም እኩል የሚጎዳ ቅርጽ አገኘ። እኩል የሚጎዳ ያልነው እኛ ነን፤ እሱ በዚህ አባባል ላይስማማ ይችላል።

በወላጆቻችን አገር ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1964 ነው፣ በአዲስ አበባ። እዚህ አገር ደግሞ በ1966 ትምህርታዊው፣ በ1968 በነጻነት ቀን በኢየሩሳሌም ከተደረገው ሰልፍ ጋር አጠቃላዩ ጀመረ። በነገራችን ላይ፣ ስዕል ከመድረሱ በፊት የሚነካካው የገልባጭ ሱቅ ብቻ አይደለም። እስራኤል ውስጥ በ1970ዎቹ ከውጭ የሚመጣ ባለ ቀለም ፕሮግራም ቀለሙ ሆን ተብሎ ተሰርዞ ነበር የሚተላለፈው። ሕዝቡም ቀለሙን የሚመልስ መሣሪያ እየገዛ፣ ስዕሉ በተበላሸ ቁጥር እየተነሳ ቁልፉን ያዞር ነበር። መደበኛው የቀለም ስርጭት የመጣው በ1983 ነው። አያቶቻችሁ ይህን አላዩም፤ ጎረቤታችሁን ሳባ ጠይቁ፣ እየሳቀ ይነግራችኋል።

ወደኛ እንመለስ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ በእጁ የያዘው ነገር ጥቂት ነበር። ካሴት የመጣው በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ነው። የዘፈን፣ የድራማ፣ የሠርግ፣ አንዳንዴም የለቅሶ ካሴት። ኢትዮጵያም እስራኤልም ፓል በሚባለው የስርጭት ዓይነት ይጠቀሙ ስለነበር የአዲስ አበባ ካሴት እዚህ ያለችግር ይሠራ ነበር። ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው ግን አሜሪካ በኤንቲኤስሲ ትሠራ ስለነበር ወይ ይዘል ወይ ጥቁርና ነጭ ይሆን ነበር። በዲቪዲ ዘመንም ይኸው ቀጠለ፤ ዓለምን በቁጥር ከፋፍለው አሜሪካ 1፣ እስራኤል 2፣ ኢትዮጵያ 5 አሏት። የአክስታችንን ስጦታ ማጫወቻው እምቢ ሲል «ዲስኩ ቆሽሿል» እየተባለ በነጠላ ጫፍ ሲጠረግ እናስታውሳለን።

በመሐል ቪሲዲ ነበረ። በ1993 የወጣ ነው፤ አንዱ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ስዕሉ 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ይመጣል፣ ሁለተኛው ዲስክ ደግሞ ምንጊዜም ጎረቤት ቤት ነው። ይህ ጊዜ የኢትዮጵያ ፊልም ከሴሉሎይድ ወጥቶ በቪዲዮ ካሜራ መሠራት ከጀመረበት ጊዜ ጋር ገጠመ። «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሳሰሉ ሥራዎች ያኔ ነው የወጡት። ዲቪዲ በ1996 መጨረሻ ጃፓን፣ በ1997 አሜሪካ ገበያ ገብቶ እኛ ሳሎን እስኪደርስ ዓመታት ፈጀ።

ዲቪዲ ሰፊውን ስዕል የሚያስቀምጥበት ዘዴ ደስ ይላል። በፓል ዲስክ ላይ ጠባቡም ሰፊውም ስዕል የሚጻፈው በ720 በ576 ነጥብ ነው፤ ሰፊው ተጨምቆ ይገባና ማጫወቻው ወርዱን መልሶ ይዘረጋዋል። ማጫወቻው ወይም ቴሌቪዥኑ በትክክል ካልተስተካከለ ሰው ሁሉ ወይ ቀጭን ረጅም ወይ አጭር ወፍራም ይሆናል። «ገመና»ንና «ሰው ለሰው»ን ከተገለበጠ ዲስክ ስናይ «አርቲስቷ በጣም ወፈረች» ተብሎ ቡና ላይ የታማችው ምስኪን በሪሞቱ አንድ ቁልፍ ምክንያት ነው የታማችው።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ ከሐሜት አልፎ ጠብ ሆኗል። «ዘ ዋየር» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ በ4 ለ 3 ታስቦ ተሠርቶ ዲቪዲውም በዚያው ወጣ፤ በ2014 በሰፊው ሲታደስ ደራሲው ዴቪድ ሳይመን አንዳንዱ ትዕይንት እንደተጠቀመ፣ አንዳንዱ እንደተጎዳ በጽሑፍ ተናገረ። «ፍሬንድስ» ሲሰፋ ቀድሞ ከስዕሉ ውጪ የነበረው ጠርዝ ገባ፤ በተዋናይዋ ቦታ የቆመች ሌላ ሴት የታየችበት አለ። የሳይንፌልድ ግን የሁሉም ቁንጮ ነው። በመንገድ ላይ ስላለ ጉድጓድ የተሠራ አንድ ክፍል አለው። ተከታታዩ በ2021 ተቆርጦ በሰፊው በኔትፍሊክስ ሲለቀቅ ጉድጓዱ ከስዕሉ ውጪ ቀረ! ሰዎቹ ቆመው ባዶ ነገር ቁልቁል ያያሉ። ጉድጓዱን ማየት የፈለገ ወደ አሮጌው ዲቪዲ መመለስ አለበት።

ያው ዲቪዲ ሌላም ነገር ነበረው፤ ቦነስ። የተቆረጡ ትዕይንቶች፣ ከካሜራ ጀርባ ያለው ሥራ፣ ተዋንያኑ ስዕሉ ላይ እየተናገሩ የሚያጅቡበት ድምፅ። ይህ የማጀብ ነገር በ1984 ነው የተጀመረው። ሮናልድ ሄቨር የተባለ የፊልም ባለሙያ «ኪንግ ኮንግ»ን በሌዘር ዲስክ ሲያወጡ ከጎን ባለው የድምፅ መስመር ስለ ፊልሙ አወራ። ዲቪዲ ለአንድ ስዕል እስከ ስምንት የድምፅ መስመር ስለሚይዝ ልማዱ ተስፋፋ። እኛ እጅ የገቡት የአማርኛ ድራማ ዲስኮች ግን አብዛኞቹ ሜኑም የላቸው፤ ስታስገባቸው ወይ ማስታወቂያ ወይ ዘፈን፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ድራማው። ያ ድራማ እንዴት እንደተሠራ፣ የማን ሳሎን ውስጥ እንደተቀረጸ የሚነግረን የለም። አሁን ደግሞ ዲስኩም እየቀረ ነው። የኛን ቤት ሳቅ ለአገሩ ሁሉ ያሳየውና በ2018 የዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት ያገኘውን «ነብሱ»ን አብዛኞቻችን ያየነው በስልክ ነው።

ካሴቱን ከሱቁ አስመልሰን፣ ዴክ ተውሰን፣ በራሳችን እጅ በ4 ለ 3 ገለበጥነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ነው፤ ጉልላቱ ግን አለ። በዚህ ጊዜ ነው ሌላም ጉድለት ያወቅነው። ካሜራው ወርዶ ሁለት ደቂቃ ያህል የመንገዱን ድንጋይ ብቻ የሚያሳይበት ቦታ አለ፤ ድምፁም ነፋስ ነው። ሱቁ ምንም የለበትም ብሎ አውጥቶት ነበር። እኛም ብንሆን ሳናወጣው አንቀርም ነበር።

ባለካሜራው ዛሬ በሕይወት የሉም። እናትየውን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠን፣ ማይክ ሰጥተን፣ የሚያዩትን እንዲያወሩልን ጠየቅናቸው። ያንን በሁለተኛ የድምፅ መስመር አስገባነው። መጀመሪያ አፈሩ፤ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጆቼ» አሉ። ድንጋዩ ሲመጣ ግን ሳይጠየቁ ጀመሩ። «እዚህ ጋ እማሆይ ከየት ነህ አሉት። ጎንደር አላቸው። ጎንደር የት? አሉት። ስሙን ሲነግራቸው የሳቸው አገር ከወንዙ ማዶ ሆኖ ተገኘ። ሰው እያዋሩ ካሜራ አይያዝም ብሎ ነው ያወረደው። እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ አልታይም እንጂ።»

የመጀመሪያውን ዲቪዲ አልጣልነውም፤ ከአዲሱ ጎን አስቀምጠነዋል። መደርደሪያው ላይ ገና ያልተነኩ ካሴቶች አሉ፤ የአንዳንዶቹ ጽሑፍ ስለለቀቀ የማን እንደሆኑ አናውቅም። ዴኩ እስካሁን አልተመለሰም፤ ባለቤቱም አልጠየቁንም። ካሴት ያላችሁ ወላጆች ስታመጡ ዲቪዲ ቢኖራችሁም ካሴቱን አትተዉት፤ ቤት ውስጥ የተጻፈ ዲስክ ከፋብሪካው ቀድሞ ይበላሻል። እናንተም አብራችሁ ኑ፤ ማይኩ አለ።